ሹባጥ እስኪወጣ፦ ክፍልሽን በትንሽ ወጪ የምታደምቂበት መንገድ

ገና አልፏል፣ ጥምቀትም አልፏል። ለበዓል ወደ ቤተሰብ የተላከው ተልኮ ኪስ ባዶ ሆኗል። አገር ቤት የካቲት ማለት ደረቅና ፀሐያማ በጋ ነው፤ ከዚያ የሚደውሉልሽ ሰዎች ስለ ሙቀቱ ያወሩሻል። አንቺ ደግሞ ቤይሩት ውስጥ ሁለት ካልሲ ደርበሽ፣ ግድግዳው ላብ በሚያልበው ክፍል ተቀምጠሻል። ፀሐይ በኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ትንሽ አለፍ እንዳለ ትጠልቃለች፣ ከሥራ ስትመለሺ ጨለማ ነው፣ መብራትም የለም።

ሊባኖሶች ስለዚህ ወር የሚሉት አባባል አላቸው፦ "ሹባጥ ማ ዐላ ከላሞ ርባጥ"። የሹባጥ ቃል ማሰሪያ የለውም፣ አይታመንም ማለት ነው። ጠዋት ፀሐይ ያወጣና ከሰዓት በረዶ ያወርዳል። ክረምቱ አለቀ ስትዪ ይመለሳል። ብዙ እህቶች ከዓመቱ ሁሉ የሚከብዳቸው ይሄ ጊዜ ነው፤ በዓሉ አልፏል፣ ሙቀቱ ገና አልመጣም።

ይህ ጽሑፍ በዚህ ወቅት በትንሽ ገንዘብና በአንድ እሑድ ምን ማድረግ እንደምትችዪ ያብራራል። የተጻፈው በተለይ ሊባኖስ ላላችሁ ነው፤ አማንም ብርዱ ስለሚመሳሰል አብዛኛው ምክር ይሠራል። ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ግን አሁን ደጅ የሚወጣበት ጥሩው ወቅታችሁ ስለሆነ ዳቦውን ብቻ ውሰዱ።

"ለጊዜው ነው" የሚለው ነገር

በሰው አገር ብዙዎቻችን ክፍላችንን የማናሳምረው በድህነት ብቻ አይደለም። "ልሄድ ነው፣ መጋረጃ ምን ያደርግልኛል?" ስለምንል ነው። ሁለት ዓመት ብሎ የመጣ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ይቀመጣል። ሻንጣው አልጋ ሥር እንደታሰረ፣ አምፖሉ ራቁቱን እንደተንጠለጠለ፣ ዕድሜው ያልፋል። ለጊዜው ያልነው ቤት የኖርንበት ቤት ሆኖ ይገኛል።

ሌላው ደግሞ ጸጸቱ ነው። "በዚህ ብር ለእናቴ ዘይት ይገዛ ነበር" ትያለሽ። እውነት ነው፣ ይገዛ ነበር። ነገር ግን ቤተሰብሽ የሚኖረው በአንቺ ጤና ነው። በእርጥበት ክፍል ተኝታ የምታስል፣ በድብርት እንቅልፍ ያጣች ሴት ብዙ ጊዜ ሥራ ትቀራለች። ክፍልን ማድረቅና ማድመቅ ቅንጦት አይደለም፤ ራስን እንደ ማሳከም ቁጠሪው።

ስለዚህ ገደብ አብጂለት። ለምሳሌ ለሹባጥ ወር በሙሉ 15 ዶላር ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪ። ከዚያ በላይ የሆነው ለአዛር ይቆያል። ብድር የለም፣ የዕቁብ ብርም አይነካም። ክፍሉን ለሦስት ለአራት የምትጋሩ ከሆነ እያንዳንዷ 5 ዶላር ብታዋጣ ይበቃል።

ከማስዋብ በፊት ማድረቅ

ሻጋታ ያለበት ግድግዳ ላይ ስዕል መስቀል ቁስልን በሻሽ መሸፈን ነው። የቤይሩት ክፍሎች አብዛኞቹ ማሞቂያ የላቸውም። እኛ የምንተነፍሰው፣ የምናበስለውና ክፍል ውስጥ የምናሰጣው ልብስ እርጥበቱን ይጨምራል፤ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆናል፣ ከዚያ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል።

የሚረዳው ይሄ ነው፦

- በየቀኑ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ዝናብ ሲያቆም፣ መስኮትና በር ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ በአንዴ ክፈቺ። ብርድ ይገባል ብለሽ አትፍሪ፤ ደረቅ አየር ከእርጥብ አየር ቶሎ ይሞቃል።
- አልጋና ቁም ሳጥን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ፤ አየር በኋላቸው ይለፍ።
- ልብስ በረንዳ ላይ አስጪ። በረንዳ ከሌለ መስኮቱ ሥር አስጥተሽ መስኮቱን ትንሽ ክፍት አድርጊ።
- ሻጋታውን አንድ እጅ ክሎር በአሥር እጅ ውኃ በጥብጠሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ጥረጊው።

አደራ፣ ክሎርን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞንያክ ጋር በጭራሽ አትቀላቅዪ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን የምልሽ ለራስሽ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ማዳም "ቀላቅለሽ አጽጂ" ብትልም እምቢ በይ።

ገበያ፦ የት፣ መቼ፣ ምን

ከአዲስ ዓመት በኋላ የቤይሩት ሱቆች መስታወት ላይ "ሶልድ" የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። የክረምት ዕቃ የሚራገፍበት ጊዜ ነው። ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ወፍራም ፒጃማ የሚገዛው አሁን ነው፤ ለዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ይሆናል። ከገና የተረፉ ትንንሽ የመብራት ገመዶችም አሁን ይረክሳሉ።

ዳውራና ቡርጅ ሐሙድ ለእኛ ሰው የታወቁ ናቸው። ርካሽ የቤት ዕቃ፣ ጨርቅ በሜትር፣ የሐበሻ ሱቆችም እዚያው አሉ፤ በርበሬም ቡናም ታገኚያለሽ። ሲን ኤል ፊል ያለው ሱቅ አል-አሐድ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የሚቆም ገበያ ነው። ያገለገለ መጋረጃ፣ መስታወት፣ ድስት፣ ፍሬም፣ ሁሉም አለ። ኢቃማሽ ያላለቀ ከሆነ ይዘሽው ውጪ። ወረቀት የሌላት እህት ግን ለመጋረጃ ብላ ኬላ ማቋረጥ የለባትም፤ ሰፈሯ ካለው ሱቅ ትግዛ፣ ወይም ጓደኛ ትላክ።

ስለ ገንዘቡ። ዶላር በ89,500 ሊራ አካባቢ ነው የሚመነዘረው። ስለዚህ 100,000 ሊራ ከአንድ ዶላር ትንሽ ይበልጣል፣ 900,000 ሊራ ደግሞ ወደ 10 ዶላር ነው። አንዳንዱ ሱቅ በ89,000፣ አንዳንዱ በ90,000 ያስባል። በዶላር ከፍለሽ መልሱን በሊራ ሲሰጡሽ ስልክሽ ላይ አስልተሽ ቁጠሪ፤ ነጋዴው እንዲቸኩልብሽ አትፍቀጂ።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዢ ሦስት ነገር እዪ፦

1. ፍራሽ፣ ሶፋና ትራስ አሮጌ አትግዢ። በስፌቱ ውስጥ ትኋን ይዞ ይመጣል፤ አንዴ ከገባ ከ15 ዶላር በላይ ያስወጣሻል።
2. መጋረጃና ብርድ ልብስ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልለሽ ይዘሽ ግቢ፣ አልጋ ላይ ሳታስቀምጪው በሙቅ ውኃ እጠቢው።
3. ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ እዚያው ሰክተሽ ሳትሞክሪ አትክፈዪ። ገመዱ ወይም መሰኪያው በእጅሽ ሲነካ የሚግል ከሆነ ተዪው፤ የእሳት አደጋ ነው።

ብርሃን፦ የ5 አምፔር ሒሳብ

የመንግሥት መብራት ሲጠፋ አብዛኛው ቤት የሚኖረው በኢሽቲራክ፣ ማለትም በሰፈር ጄኔሬተር መስመር ነው። ብዙ ሰው ያለው 5 አምፔር ነው። ይሄ ምን ማለት ነው? 5 አምፔርን በ220 ቮልት ስታባዢው 1,100 ዋት ይመጣል። በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ ከተጠቀምሽ ዲጆንክተሩ ይወርዳል፣ ቤቱ ይጨልማል።

አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻውን 2,000 ዋት ሊሆን ይችላል። የውኃ ማፍያውም፣ ካውያውም እንደዚያው። ስለዚህ በኢሽቲራክ ሰዓት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለዳቦ አትመኪበት። የኤልኢዲ አምፖል ግን 9 ዋት አካባቢ ብቻ ነው፤ የመብራት ገመዱ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ክፍልሽን በብርሃን መሙላት ዲጆንክተሩን አያስደነግጠውም፣ የወር ሒሳቡንም ብዙ አያንረውም።

አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ። 6500 ኬልቪን የሚለው ሰማያዊ የሚመስል፣ የሆስፒታል ዓይነት ነጭ ብርሃን ነው። 2700 ወይም 3000 የሚለው ደግሞ የኩራዝ ዓይነት ቢጫ፣ ለዓይን የሚሞቅ ነው። ዋጋቸው ብዙ አይለያይም፤ ማታ ክፍል ስትገቢ የሚሰማሽ ስሜት ግን ይለያያል።

ቀን ቀን ደግሞ ያለችውን ፀሐይ አታባክኚ። ጨለማ መጋረጃውን አውርደሽ ነጭ ስስ ጨርቅ ስቀዪ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት መስታወት አስቀምጪ፤ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። አሮጌ ነጠላ ካለሽ ጥለቱ እንዲታይ አድርገሽ ግድግዳ ላይ ዘርጊው። የተከራየሽው ቤት ከሆነ ሚስማር ከመምታትሽ በፊት ባለቤቱን ጠይቂ፤ በእርጥብ ግድግዳ ላይ ፕላስተር ስለማይዝ ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ወጥረሽ በልብስ መቆንጠጫ ማንጠልጠል ይሻላል። የእናትሽንና የልጆችሽን ፎቶም በዚያው መስቀል ትችያለሽ።

አረንጓዴ ነገር አትርሺ። ከገበያ የገዛሽውን ናና አገዳውን ውኃ ውስጥ ብታስቀምጪው በአንድ ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ከዚያ ሊባኖሶቹ በረንዳ ላይ እንደሚያደርጉት በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ትከዪው። ቆርቆሮውን ከሥሩ መብሳት እንዳትረሺ። በሶብላ፣ እነሱ ሐበቅ የሚሉት፣ ብርድ አይወድም፤ እሱን ለአዛር መጨረሻ አቆዪው። በዚህ ወር ተራራው አካባቢ የአልሞንድ ዛፎች፣ ሎዝ የሚሏቸው፣ ነጭ አበባ ያወጣሉ። ክረምቱ እያለቀ መሆኑን ከዚያ ታውቂያለሽ።

ዳቦ፦ ምድጃ ባይኖርም

ክፍልን ከመብራት በላይ የሚያደምቀው የዳቦ ሽታ ነው። በዚህ ጊዜ ሁዳዴ ስለሚገባ ከዚህ በታች ያለው አምባሻ ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለበትም፣ የጾም ነው። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም በዚሁ ሰሞን ስለሚገባ ሙስሊም እህቶቻችን ለማፍጠሪያ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የሚያስፈልገው፦

- ግማሽ ኪሎ የዳቦ ዱቄት (ጥሒን)
- አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ፈጣን እርሾ (ኸሚረ)
- አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው
- አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር
- ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፤ መለኪያ ከሌለሽ የግማሽ ሊትር ውኃ ላስቲክ ከግማሹ ትንሽ ከፍ ብሎ
- ጥቁር አዝሙድ (እዚህ ሐበት ባረኬ ይሉታል) እና የተወቀጠ ድንብላል (ደረቅ ኩዝበራ ብለሽ ጠይቂ)

ደረቁን ሁሉ ቀላቅለሽ ውኃና ዘይቱን ጨምረሽ 10 ደቂቃ ያህል እሺው። ሊጡ እጅሽ ላይ ትንሽ ቢጣበቅ አትደንግጪ፣ ዱቄት እየደፋሽ አታድርቂው።

ብዙ ሰው በክረምት "ዳቦዬ አልነሳ አለ" ይላል። ምክንያቱ እርሾው ተበላሽቶ ሳይሆን ብርዱ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይሠራል፣ ሲበርደው ያንቀላፋል። በበጋ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሊጥ በሹባጥ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ለማፍጠን ብለሽ የሚፋጅ ውኃ ብትጨምሪበት ግን ይሞታል። ውኃው ጣትሽን ሳያቃጥል የሚሞቅ፣ ሕፃን የምታጥቢበት ዓይነት ይሁን። ሳህኑን በክዳን ሸፍነሽ በብርድ ልብስ ጠቅልዪው፤ ከጎኑ ሙቅ ውኃ የሞላ ላስቲክ ብታደርጊበት ደግሞ የበለጠ ነው። እጥፍ እስኪሆን ጠብቂ እንጂ ሰዓት አትቁጠሪ።

ሲነሳ ወፈር ያለ ድስት ውስጡን ዘይት ቀቢና የመጋገሪያ ወረቀት (ወረቅ ዚብደ) አንጥፊ። ሊጡን ዘርግተሽ በቢላ እንደ ጎማ ጨረር ጌጡን አውጪለት፣ ሌላ 20 ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ ክዳኑን ገጥመሽ በጣም በዝቅተኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ገልብጠሽ ደግሞ ያንኑ ያህል። እሳቱ ሥሩን እንዳያሳርረው ከድስቱ በታች አሮጌ የብረት መጥበሻ ብታስገቢ ሙቀቱ ይለሰልሳል። ጀርባውን በጣትሽ ስትመቺው ባዶ ቆርቆሮ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ድፎ ካማረሽ ኮባ አይጠፋም። ዳሙርና ሰይዳ በኩል ሙዝ ይበቅላል፤ በዚያ በኩል የምትሠራ እህት ካለች ቅጠል ታምጣልሽ። ሌላው አማራጭ የሰፈሩ ፉርን ነው። ሊባኖሶች ከቤታቸው ያዘጋጁትን ዘዕተርና ሥጋ ፉርን ወስደው በትንሽ ክፍያ የማስጋገር ልማድ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀንስ ሄደሽ ብትጠይቂ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። እሳቱ ለመንኡሼ ተብሎ እጅግ የበረታ ስለሆነ ግን ወፍራም ድፎ ውስጡ ሳይበስል ውጪው ያራል፤ ስስ አምባሻ ይዘሽ ሂጂ።

ቡናና ከሰል፦ ይሄን ሳታነቢ አትለፊ

ዳቦው ሲደርስ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ክፍሉ ይሞቃል። አደጋውም እዚህ ጋ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። ብርድ ነው ብለን መስኮት ዘግተን፣ ከሰሉን ክፍል ውስጥ ትተን ከተኛን ሳንነቃ እንቀራለን። የሺሻ ከሰልም ያው ነው፤ "ጭስ የለውም" ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም።

ቡናውን በጋዝ ምድጃ አፍዪ። የግድ በከሰል ካልሽ በረንዳ ላይ ይሁን፤ ቤት ሲገባ ዕጣኑ ብቻ በትንሽ ማጨሻ፣ መስኮት ተከፍቶ። የከሰል ማንደጃን ለማሞቂያ ብሎ ክፍል ውስጥ ማሳደር በፍጹም አይሆንም። የጋዝ ማሞቂያ ካላችሁም መስኮቱ ትንሽ ክፍት ሆኖ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ይጥፋ።

ምልክቱን እወቂ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት ማጣት። በአንድ ክፍል ያላችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ ጉንፋን ነው አትበሉ። ወዲያው ወደ ውጪ ውጡ፣ በሩን ክፈቱ። ለሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 140፣ ለሲቪል መከላከያ 125 ይደወላል።

ማዳም ቤት ለምትኖሪ

ያንቺ ክፍል ምናልባት አልጋና ሻንጣ ብቻ የሚይዝ ይሆናል። ቢሆንም ትራስ ልብስ፣ አንድ ፎቶ፣ በላስቲክ ብርጭቆ ውስጥ ያለ የናና ቅጠል ቦታ አይፈጅም። ምድጃውን ለመጠቀም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ "በእረፍቴ ቀን የአገሬን ዳቦ ልጋግር ወይ?" ማለት ይበቃል። ማዳም ከወደደችው ግን ተጠንቀቂ፣ "በየሳምንቱ ጋግሪልን" ብላ ሌላ ሥራ እንዳታደርግብሽ። የዕረፍት ቀንሽ ዳቦ ያንቺ ነው።

ስለ ዕረፍት ቀኑ ደግሞ ይሄን እወቂ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ወጥ የሥራ ውል ግን በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል። በተግባር ብዙ ቤት ይህን አያከብርም፣ እናውቃለን። ቢሆንም ውሉ ላይ የተጻፈ መሆኑን አውቆ መጠየቅና እንደ ውለታ መለመን አንድ አይደሉም።

ዳቦውም መብራቱም ካልረዳ

አንዳንዴ ችግሩ የክፍሉ ጨለማ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምግብ ካስጠላሽ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ወይም ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ ይህ ድክመት ሳይሆን ሕመም ነው። ሊባኖስ ውስጥ 1564 የሚባል የስሜት ድጋፍ የስልክ መስመር አለ። ቋንቋው ከከበደሽ አረብኛ የምትችል ጓደኛ አጠገብሽ ሆና ትደውልልሽ። ለአንዷ ሰው ግን ዛሬውኑ ንገሪ።

አንድ እሑድ፣ በተራ

ከሁሉ በፊት ቀን ቁረጪ። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል በፈረንጆቹ ማርች 2 ይውላል፤ ለእሱ ቅርብ የሆነውን እሑድ ብትመርጪ ሰው ለመጥራትም ምክንያት ይሆንሻል። ጠዋት ሊጡን አቡኪ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ተዪው። ሊጡ እስኪነሳ መስኮቱን ክፈቺ፣ ግድግዳውን ጥረጊ። ከሰዓት በፊት ገበያ ደርሰሽ አምፖልና ስስ ጨርቅ ገዝተሽ ተመለሺ። እየተጋገረ መጋረጃውን ስቀዪ።

ሰው ስትጠሪ ደግሞ ሁልጊዜ የምትጠሪያትን ብቻ አትጥሪ። በቅርብ የመጣች፣ ስልኳን የማታነሳ፣ "ደህና ነኝ" ብላ ቶሎ የምትዘጋ እህት አለች። ለእሷ የዳቦውን ቁራሽ አስቀሪላት፤ መምጣት ካልቻለች በላስቲክ ጠቅልለሽ በር ድረስ ውሰጂላት።